ጨማቂው ፓምፕና የቱቦው ዕድሜ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ክሎሪን ቤቷ ስገባ በመጀመሪያ የማነሣው መዝገቡን ሳይሆን በመስኮቱ ደፍ ላይ የሚቀመጠውን ባለ 250 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆውን በክሎሪን ውህድ እሞላና ክሎሪኑን ለከተማው ውሃ የሚጨምረውን የጨማቂውን ፓምፕ (ፔሪስታልቲክ የሚባለውን) መምጠጫ ቱቦ ከበርሜሉ አውጥቼ እነክርበታለሁ፤ ሰዓቴን ይዤ ልክ አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ከዚያም ጎንበስ ብዬ ውህዱ ስንት መስመር እንደ ወረደ አነባለሁ። 90 ከሆነ ሥራው በደህና ውሏል ማለት ነው፤ 86 ከሆነ በቀይ እስክሪብቶ እጽፈዋለሁ፤ ከ80 በታች ከሆነ ሌላ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በፓምፑ ውስጥ የሚጨመቀውን ለስላሳ ቱቦ እቀይራለሁ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዋጋውን የተረዳሁት ግን አንድ ሰፈር ለቀናት ክሎሪን የሌለው ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው፤ እርሱን ወደ ኋላ ላይ እተርከዋለሁ።

የምሠራው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ውሃችን ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ከከተማዋ በታች ካለው ጥልቅ ጉድጓድ በሰከንድ 7 ሊትር፣ ከበላይ በኩል ካለው የጎለበተ ምንጭ ደግሞ በሰከንድ 3 ሊትር ገደማ እናገኛለን፤ ሁለቱም ኮረብታው ላይ ወዳለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ይገባሉ። በሰከንድ 10 ሊትር ማለት በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ነው። ለእያንዳንዱ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲደርሰው ከፈለግን በሰዓት 54 ግራም ያስፈልገናል፤ ውህዳችን ባለ አንድ በመቶ፣ ማለትም በሊትር 10 ግራም ክሎሪን የያዘ ስለሆነ፣ በሰዓት 5.4 ሊትር፣ በደቂቃ 90 ሚሊ ሊትር መጨመር አለበት። መለኪያ ብርጭቆው ላይ በየጠዋቱ የምፈልጋት ቁጥር የመጣችው ከዚህ ስሌት ነው። አንዲት የቡና ስኒ በምታህል መጠን የከተማ ውሃ ደኅንነት የሚወሰን መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ድረስ ይከብደኛል።

እኔ ሥራ ስጀምር ክሎሪኑ የሚጨመረው ከበርሜል ግርጌ በተገጠመች ቧንቧ እየተንጠባጠበ ነበር። በርሜሉ ሙሉ ሲሆን ጠብታው ይፈጥናል፤ ሲጎድል ይዘገያል፤ ሌሊት የቧንቧዋ አፍ በነጭ ደለል ይደፈናል። ቀጥሎ የመጣልን ዳያፍራም ያለው ዶዚንግ ፓምፕ፣ ማለትም ፈሳሽን እየመጠነ የሚጨምር ፓምፕ ነበር፤ ይህ ፓምፕ እንደ ወናፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚል ስስ ገበታ የሚሠራ ሲሆን በመምጠጫውና በመግፊያው በኩል ትንንሽ ኳስ ያላቸው ሁለት ቫልቮች አሉት። ድፍርስ ውሃን ለሚያጠራው አሉምና ለሌሎች ንጹሕ ፈሳሾች ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ከፍተኛ ግፊትን ከጨማቂው ፓምፕ በተሻለ ይቋቋማል፤ አላግባብ ላማው አልፈልግም። በእኛ ሁኔታ ግን ሁለት ነገሮች ተባብረው አሸነፉት።

አንደኛው አየር ነው። የክሎሪን ውህድ በርሜል ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦም ቢሆን ቀስ በቀስ ጋዝ ያወጣል፤ በረኪና ያለበት ጀሪካን ክዳኑ ሲከፈት ትስ የሚለው ለዚህ ነው። ያ ጋዝ በዳያፍራሙ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም ፓምፑ በእያንዳንዱ ምት ፈሳሹን ከመግፋት ይልቅ አየሩን ይጨምቀዋል፤ ሲመለስ አየሩ መልሶ ይለጠጣል፤ ድምፁ ይሰማል፤ ምቱ ይቆጠራል፤ ፈሳሽ ግን አይወጣም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የከባቢው አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ባቄላ በደጋ አገር ለመብሰል ጊዜ የሚወስደው ውሃው ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መንሥኤው ያው የግፊቱ ማነስ ነው። ፓምፕ ፈሳሽን ከታች ሲመጥጥ በእውነቱ የሚገፋለት የከባቢው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል፤ በመምጠጫው ቱቦ ውስጥም ጋዙ በቀላሉ ከፈሳሹ ይለያል። በባሕር ወለል ከፍታ በሐሳብ ደረጃ 10.3 ሜትር የሆነው የመምጠጫ ወሰን በእኛ ከፍታ 7.7 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደለል ነው። የምንጠቀምበት ክሎሪን በባልዲ የሚመጣው የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት፣ በተለምዶ ኤች ቲ ኤች የምንለው ነው። ከ100 እጁ 65 ያህሉ ክሎሪን ስለሆነ ለ100 ሊትር ባለ አንድ በመቶ ውህድ 1.54 ኪሎ ግራም እንመዝናለን። ዱቄቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ ውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት ካለበት ደግሞ ውህዱ ሲበጠበጥ እንደ ኖራ የነጣ ዝቃጭ ይፈጥራል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ደለል ከቫልቩ ኳስ ሥር ስትቀመጥ ኳሱ መዝጋት ያቆማል። እኛ ቫልቮቹን በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እየፈታን እናጥብ ነበር፤ በፈታን ቁጥር ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ይላላል፤ በላላ ቁጥር አየር ይገባል፤ አየር ሲገባ እንደገና እንፈታለን።

ፔሪስታልቲክ የሚባለው፣ እኔ ጨማቂ የምለው ፓምፕ የመጣልን በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው። ሳጥኑን ስንከፍት የጋኑ ጥበቃ አባባ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ አሠራሩን እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ አንጀት ምግብን እየጨበጠና እየለቀቀ ወደ ፊት የሚገፋበትን እንቅስቃሴ ያመለክታል። እኔ ግን የነገርኳቸው በፋሲካ በግ ሲታረድ እናቴ አንጀቱን የምታጸዳበትን መንገድ ነው፤ አንጀቱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አጥብቃ ይዛ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስትስበው በውስጡ ያለው ሁሉ በጣቷ ፊት ፊት እየሄደ ይወጣል። ፓምፑም ይኸው ነው። ግማሽ ክብ በሆነ መያዣ ውስጥ ለስላሳ ቱቦ ተዘርግቷል፤ በመካከሉ የሚዞር ጎማ ላይ ሦስት ሮለሮች አሉ፤ አንዱ ሮለር ቱቦውን ደፍጥጦ እየገፋ ሲሄድ ከፊቱ ያለው ፈሳሽ ይወጣል፤ ከኋላው የተደፈጠጠው ቱቦ ተመልሶ ሲነፋ አዲስ ፈሳሽ ይመጥጣል፤ የመጀመሪያው ሮለር ከመልቀቁ በፊት ሁለተኛው ይይዛል። አባባ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያማ ዕዳው ያንጀቱ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ባነበብኳቸው የመሣሪያ መመሪያዎች ሁሉ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም፤ ያን ጊዜ ግን በአግባቡ አልሰማኋቸውም።

ቫልቭ የለውም፤ ስለዚህ ደለል የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ፈሳሹ የሚነካው ቱቦውን ብቻ ነው፤ ሞተሩ፣ ሻፍቱና ኩሽኔታው ክሎሪን አያገኛቸውም። አየር ቢገባበት አየሩንም እንደ ፈሳሹ ጨምቆ ያስወጣዋል፤ በርሜሉ ባዶ ሆኖ ቢዞር አይቃጠልም፤ ሲሞላለት ራሱ ይመጥጣል። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ስሌቱ ቀጥተኛ መሆኑን ነው። የእኛ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 6.4 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንድ ዙር 2.8 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። በደቂቃ 32 ዙር ሲዞር 90 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በግማሽ ፍጥነት ግማሹን ይሰጣል።

ይህ ፓምፕ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የባለቤትነት መብት የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በ1855 ሲሆን የታሰበውም ለጉድጓድ ውሃ ነበር፤ በኋላ ለደም ማስተላለፊያ ዋለ። ማይክል ደቤኪ የተባለው ሐኪም በ1930ዎቹ ለደም መስጫ ያሻሻለው የሮለር ፓምፕ ከጊዜ በኋላ በልብ ቀዶ ሕክምና ወቅት ልብን ተክቶ ደም ለሚያዘዋውረው መሣሪያ አካል ሆነ። ይህን ማንበቤ ሳይሆን ማየቴ ነው በልቤ የቀረው፤ ታላቅ ወንድሜ ኩላሊቱን ታሞ ለዲያሊሲስ ስናመላልሰው በነበረበት ወቅት፣ በማሽኑ ፊት ላይ ከመስታወት በታች ያቺው ጎማ በዝግታ ስትዞር፣ የወንድሜን ደም በቱቦ ውስጥ ስትገፋ አየኋት። ደሙ ከማሽኑ አካል ጋር አይነካካም፤ ቱቦው ከሕክምናው በኋላ ይወጣል። ነርሷ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ቱቦ ስትገጥም አያታለሁ፤ የእኔ ቱቦ ግን ጋኑ ጋ ወራት አስቆጥሮ ነበር።

የፓምፑ ድካም ሁሉ ቱቦው ላይ ነው። ጉድጓዱ በቀን 18 ሰዓት ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ ፓምፑ በደቂቃ 32 ዙር ይዞራል፤ በቀረው 6 ሰዓት ምንጩ ብቻ ስለሚገባ ወደ 10 ዙር ገደማ ይወርዳል። ሦስት ሮለሮች ስላሉት የቱቦው እያንዳንዱ ነጥብ በአንድ ቀን ከ110 ሺህ ጊዜ በላይ ይደፈጠጣል ማለት ነው። የትኛውም ጎማ ይህን ለዘለዓለም አይችልም። ችግሩ ቱቦው የሚሞተው በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ቢሆንማ ወዲያው ይታይ ነበር። አስቀድሞ የመነፋት ኃይሉን ያጣል፤ ሮለሩ ካለፈ በኋላ ወደ ክብ ቅርጹ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ስለዚህ የሚመጥጠው ፈሳሽ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። ሞተሩ ግን ያንኑ 32 ዙር ይዞራል፤ ዙሩን በቁጥር የሚያሳየው የፓምፑ መስታወትም ያንኑ 32 ያሳያል።

በ2012 ዓ.ም ሐምሌ የሆነው ይህ ነው። ያን ጊዜ ቀሪ ክሎሪን፣ ማለትም ቧንቧው ጋ ሲደርስ በውሃው ውስጥ የተረፈውን ክሎሪን የምለካው ዓርብ ዓርብ ሲሆን ከታችኛው ሰፈር ጫፍ ካለው ቦኖ እጀምር ነበር። ክሎሪን ባለበት ውሃን ሮዝ የምታደርገውን የዲፒዲ መመርመሪያ እንክብል በናሙናው ውስጥ ጨፍልቄ ነቀነቅኩ፤ ሮዝ መሆን የነበረበት ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ቀረ። እንክብሉ አርጅቶ ይሆናል ብዬ አዲስ እሽግ ከፈትኩ፤ አሁንም ጠራ። ወደ መካከለኛው ሰፈር ወጣሁ፤ እዚያ በጭንቅ የሚታይ የሮዝ ጥላ አገኘሁ። በዚያ ዝናብና ጭቃ ኮረብታውን በእግሬ ወጥቼ ክሎሪን ቤት ስደርስ ፓምፑ ይዞራል፤ መስታወቱ 32 ይላል፤ ምንም የፈሰሰ ነገር የለም። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። «እኔስ ልነግርህ ነበር፤ በርሜሉ ሰሞኑን አልጎድል ብሎኛል፣ ልጄ» አሉኝ። እንደ ወትሮው ቢሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ መጉደል ነበረበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ በመለኪያ ብርጭቆ ለካሁት፤ 60 ሚሊ ሊትር ሆነ። ሽፋኑን በካቻቪቴ ፈትቼ ቱቦውን ሳወጣው ሮለሩ የሚያልፍበት ክፍል እንደ ጫማ ማሠሪያ ተለጥጦ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር፤ በጣቴ ጨብጬ ስለቀው ለመነፋት ዳተኛ ሆነብኝ። መዝገቡን ሳይ የተገጠመው በመጋቢት ነው፤ አራት ወር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ13 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተደፍጥጧል። 90ው ወደ 60 ሲወርድ የምንጨምረው ክሎሪን በሊትር ከ1.5 ወደ 1 ሚሊ ግራም ወረደ፤ ውሃው ራሱ በክረምት 0.7 ያህሉን ይበላል፤ ከጋኑ ሲወጣ 0.8 መሆን የነበረበት 0.3 ሆነ፤ በመስመሩ እየሄደ ሲቀንስ እስከ ታችኛው ቦኖ ምንም አልተረፈም። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃ ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል። ወሩ ደግሞ ሐምሌ ነበር፤ የአተት ሥጋት በሚበረታበት፣ የተሰበረ ቧንቧ ሁሉ የጎርፍ ውሃ በሚመጥጥበት ወር። የዚያን ሳምንት ጥፋት የፓምፑ አላደርገውም፤ የመስታወቱን ቁጥር የውህዱ መጠን አድርጌ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። መስታወቱ የሚቆጥረው ዙርን ነው፤ የሚሊ ሊትሩ ምስክር ብርጭቆው ብቻ ነው። በርሜሉን በዓይናቸው የሚያዩት ሰው ከእኔ ቀድመው አውቀውት ነበር።

ያን ዕለት መጠባበቂያ ቱቦ አልነበረንም። መንገድ በሚዘጋባቸው ወራት መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ከገበያ የውስጥ ስፋቱ ተመሳሳይ የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ገዛንና ገጠምን። በስምንተኛው ቀን ተሰነጠቀ። ስፋቱን አመሳሰልን እንጂ የግድግዳውን ውፍረት አላየንም። በሮለሩና በመያዣው መካከል ያለው ክፍተት የሚወሰነው የቱቦው ሁለት ግድግዳዎች ተደራርበው በሚኖራቸው ውፍረት ነው፤ የእኛ ቱቦ ድርብ ግድግዳ 3.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ክፍተቱ ከዚያ በጥቂቱ ጠብቦ ይሠራል፤ ቱቦው በደንብ ይዘጋል፤ ግን አይቀጠቀጥም። የገበያው ጎማ ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር፣ ድርቡ 4 ነበር። ሮለሩ በእያንዳንዱ ዙር ቀጠቀጠው፤ ሞተሩም ሲያቃስት ይሰማ ነበር። ቀጭን ቢሆን ኖሮ ደግሞ በሌላ መንገድ ይከዳን ነበር፤ ሮለሩ ሳይዘጋው ስለሚያልፍ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሲሰነጠቅ በመግፊያው ቱቦ ውስጥ የነበረው ውህድ ሁሉ ወደ ፓምፑ ሳጥን ተመልሶ ፈሰሰ፤ ክሎሪን አይነካውም ያልኩት ኩሽኔታ በሁለት ቀን ውስጥ ዝጎ ተነቀለ።

ከዚያ ወዲህ ቱቦ ስንመርጥ ሦስት ነገር እናያለን። ከምን እንደተሠራ ቀዳሚው ነው፤ የተፈጥሮ ጎማን ክሎሪን ይበላዋል፤ ሲሊኮን ለእጅ የለሰለሰ ቢሆንም ለግፊትና ለረጅም ድካም ደካማ ነው፤ ሳንቶፕሪን የሚባለው ቁስ ሁለቱንም በተሻለ ይችላል። የግድግዳው ውፍረት ከፓምፑ ጋር የተስማማ መሆን አለበት። ሦስተኛው ስፋቱ ነው፤ በብዙዎች ዘንድ የሚታየው ዝንባሌ ጠባብ ቱቦ ገዝቶ በፍጥነት ማዞር ነው፤ እኔ የምመክረው ግን የሚቻለውን ያህል ሰፊ ቱቦ ገዝቶ በዝግታ ማዞር ነው። ያንኑ 90 ሚሊ ሊትር በ64 ዙር የሚሰጥ ቱቦ በ32 ዙር ከሚሰጠው ሁለት እጥፍ ይደፈጠጣል። ዋጋው በሚቀጥለው ቱቦ ላይ ይከፈላል።

ግፊትም አለ። ከጉድጓዱ እስከ ጋኑ ያለው የከፍታ ልዩነት 110 ሜትር ስለሆነ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው መስመር ከ10 ባር በላይ ግፊት አለው። የእኛ ዓይነት ትንሽ ቱቦ ከሁለት ባር ብዙ ማለፍ አይችልም፤ እዚያ ብንገጥመው ኖሮ በቀናት ውስጥ ይፈነዳ ነበር። ጎጃም ተዳፋት አገር ነው፤ ጉድጓዱ ረባዳው ላይ፣ ጋኑ ኮረብታው ላይ መሆኑ በብዙ ከተሞች የተለመደ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ፓምፑን ወደ ጋኑ መውሰድ ነው፤ ውህዱ በጋኑ መግቢያ ላይ በነጻ አየር ውስጥ ይንጠባጠባል፤ የሚገፋው ግፊት የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ሲባል ግን መብራት ወዳልደረሰበት ኮረብታ መውጣት ነበረብን። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ አንድ ሶላር ፓኔልና ባትሪ ይበቁታል።

በርሜሉ ክሎሪን ከሚጨመርበት መስመር በላይ በሚቀመጥባቸው ቦታዎች ግን ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲስ ቱቦ በሮለሩ ተዘግቶ ስለሚቆም ፓምፑ ሲጠፋ ፈሳሽ አያሳልፍም፤ ያረጀ ቱቦ ግን ፈሳሹን በራሱ በፈሳሹ ክብደት ሊያሳልፍ ይችላል፤ በርሜሉ ሌሊቱን ሙሉ ወደ መስመሩ ሊወርድ ይችላል። እዚያ ላይ ወደ ኋላና ወደ ታች መሳብን የሚከለክል ቫልቭ የግድ ነው።

ስለ መጠን መለዋወጥ ትንሽ ማለት እፈልጋለሁ፤ ሕዝቡ ስለ ክሎሪን ያለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። ፓምፑን በገጠምን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ጉድጓዱ ይቆማል፤ ምንጩ ብቻ በሰከንድ 3 ሊትር ይገባል፤ የእኛ ፓምፕ ግን በሶላር ስለሚሠራ ያንኑ 90 ሚሊ ሊትር ይጨምራል። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ 54 ግራም ለ10.8 ሜትር ኩብ፣ በሊትር 5 ሚሊ ግራም። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ከፍተኛው መጠን ነው። እማማ የምላቸው ጎረቤቴ በማግስቱ ጠዋት ስኒ ይዘው መጥተው «ይህንን ቅመስልኝ፤ ቡናው መድኃኒት መድኃኒት ይላል» አሉኝ፤ ቀመስኩት፤ እውነታቸውን ነበር። እንዲህ ዓይነት ቀን ያየ ሰው ወደ ምንጭ ጀሪካን ቢልክ አይፈረድበትም። መጀመሪያ አባባ የጋኑ መግቢያ ድምፅ ሲቀንስ እየሰሙ በእጃቸው ወደ 10 ዙር ዝቅ ያደርጉት ነበር፤ ሌሊት እንኳ ይነሡ ነበር። በኋላ የውሃ ቆጣሪው ምልክት ለፓምፑ እንዲደርስ ተደርጎ ዙሩ ራሱ ከሚገባው ውሃ ጋር እንዲወጣና እንዲወርድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሽታ የሚመጣው ቅሬታ እጅግ ቀነሰ፤ በአማካይ የምንጨምረው ግን ከበፊቱ ያነሰ አይደለም። ሰው ለለመደው ትንሽ ሽታ ሳይሆን ዛሬ ኖሮ ነገ ለሚጠፋው፣ ከነገ ወዲያም አፍንጫ ለሚሰነፍገው ነው የሚቆጣው።

ከወንዝ ውሃ ለሚያጣሩ ባልደረቦቼ ፓምፑ በአሉምም በኩል ይጠቅማል። ከጮቄ የሚወርዱት እነ ሙጋና ጨሞጋ በክረምት ቀይ አፈር ተሸክመው ሲመጡ የአሉሙ መጠን ከበጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ በአንድ ቀን ውስጥም ይለዋወጣል። ጠዋት በብርጭቆዎች ውስጥ ሞክረው ያገኙትን መጠን ዙር በመቀየር ብቻ ወዲያውኑ መስጠት ይችላሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በብዙ ፓምፕ ቤቶች የኤች ቲ ኤች ባልዲው የሚቀመጠው ከጄኔሬተሩ ናፍጣ አጠገብ ነው። ይህ ዱቄት ከዘይት ወይም ከነዳጅ ጋር ከተገናኘ ራሱ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አሲድ ከነካው ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ በቱቦና በበርሜል ላይ የጋገረውን ነጭ ድንጋይ በኮምጣጤም ሆነ በሌላ አሲድ ለማጽዳት የሚፈልግ ሰው ክሎሪኑን በብዙ ውሃ አጥቦ ማስወገዱን ሳያረጋግጥ አይጀምር።

አሁን ሁለት በርሜል አለን፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ማታ ተበጥብጦ እስከ ጠዋት ይጠላል፤ መምጠጫው ከግርጌው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ስለሚንጠለጠል ደለሉ ከታች ይቀራል። ቱቦ የምንቀይረው ሲበላሽ ሳይሆን በየሁለት ወሩ በመባቻው ነው፤ መደርደሪያው ላይ ሁልጊዜ ሦስት ቱቦ መኖር አለበት፤ ሁለት ሲቀር ይታዘዛል። ሲቀየር መነጽርና ጓንት አደርጋለሁ፤ መምጠጫውን በንጹሕ ውሃ ባልዲ ነክሬ ፓምፑን ለአምስት ደቂቃ አዞረዋለሁ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ክሎሪን ታጥቦ ይወጣል። ከዚያ አጥፍቼ ሽፋኑን እፈታለሁ፤ አሮጌውን አውጥቼ ሮለሮቹ በነጻ መዞራቸውን በጣቴ አረጋግጣለሁ፤ መያዣውን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። አዲሱን ሳልጠመዝዝ፣ ሳልለጥጥ አስገብቼ ሁለቱን ጫፎች አጠብቃለሁ። አሮጌውን አባባ ይወስዱታል፤ ለጓሯቸው ጎመን ማጠጫ ያደርጉታል። አዲስ ቱቦ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ጠንካራ ስለሚሆን የሚሰጠው መጠን በኋላ ከሚረጋበት ይለያል። ባለፈው መባቻ ከገጠምኩ በኋላ 94 አነበብኩ፤ በመዝገቡ ላይ ጻፍኩት፤ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ስለካው 91 ሆኖ አገኘሁት።